ከሞዴል 19 በፊት ያለውን ሥራ ማን ያስተምራቸው?

የተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ የፍሬሽማን ዓመቷን ጨርሳ የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ማግሥት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ደረሰኝ» አለችና ዝም አለች። በመጀመሪያ ምርጫዋ የሞላችው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር፤ ይህኛውን በሦስተኛ ደረጃ ያስገባችው ቅጹን ባዶ ላለመተው ብቻ እንደ ነበር ኋላ ነግራኛለች። እናቷም ልታጽናናት «ያው ኮምፒውተር አይደል ልጄ፣ ምን ለውጥ አለው» ብላታለች። እኔ ይህንኑ ትምህርት ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬም በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ከሚገኙ ወረዳዎች በአንዱ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ልጅቷን ከማጽናናት ይልቅ እውነተኛ ነገር ልነግራት ፈልጌ ለብዙ ቀናት ሳወጣና ሳወርድ የሰነበትኩት ሐሳብ ከእሷ አልፎ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆችም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣችሁ ልኬያለሁ።

በመጀመሪያ፣ ትምህርቱ «ያው ኮምፒውተር» አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስ ስሌት እንዴት እንደሚከናወን ይመረምራል፤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አንድ ፕሮግራም እንዴት ተገንብቶ እንደሚጸና ያስተምራል፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መሣሪያውና ኔትወርኩ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚጠበቅ ያሳያል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ መሥሪያ ቤት ሥራውን እንዴት ይሠራል? መረጃው ከማን ተነሥቶ ማን ዘንድ ይደርሳል? በመንገዱ ላይስ ምን ይጎድልበታል?» ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ብዙዎቹ መማሪያ መጻሕፍት በመግቢያቸው የሚቆጥሯቸው አምስት አካላት አሉ፤ መሣሪያ፣ ሶፍትዌር፣ ዳታ፣ የአሠራር ሥርዓት እና ሰው። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው ከሱቅ የሚገዙት። የሲስተም ትንተናና ዲዛይን ከአካውንቲንግ፣ ዳታቤዝ ከማኔጅመንት፣ የፕሮጀክት አስተዳደር ከኢ-ኮሜርስ ጋር አብረው የሚሰጡትም ለዚሁ ነው። በአገራችንም ቢሆን የዘርፉ አንዱ ሥር የተተከለው በሰነድና በቤተ መጻሕፍት ሙያ ውስጥ ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት መነሻው ሰው የሚፈልገውን መረጃ በሚፈልገው ጊዜ ማግኘት የሚችልበት ሥርዓት እንጂ ማሽኑ ራሱ አልነበረም።

ችግሩ ይህ መነሻ በማስተማሪያው ክፍል ውስጥ ከስላይድ አልፎ አለመውጣቱ ነው። ይህን የምለው በአንድ አጋጣሚ በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ስለ ሆነ እርሱን በዝርዝር ልተርክ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው ለመመረቂያ ፕሮጀክት ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። የመረጡት ርእስ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሲስተም ነበር። ኃላፊያችንን ግማሽ ቀን ያህል ጠየቁ፤ ቅጾቹን በስልካቸው ፎቶ አነሡ፤ አመስግነው ተመለሱ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሠርተው ያመጡት ነገር፣ በእውነት እላለሁ፣ ያማረ ነበር፤ ሠንጠረዦቹ መረጃ እንዳይደጋገም እስከ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም (እስከተለመደው የዳታቤዝ የጥራት ደረጃ) የተጣሩ፣ ስክሪኑ ንጹሕ፣ ዶክመንቴሽኑም ወፍራምና በሥርዓት የተጠረዘ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ሲስተሙ ግን በመጋዘናችን የቆየው ከሁለት ሳምንት በታች ነው።

ጊዜው ጳጉሜን ነበር። ትምህርት ቤቶች በመስከረም ስለሚከፈቱ የተማሪ መጻሕፍት ወደ እኛ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ በክረምቱ ማብቂያ ነው። መኪናው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ከጣርማ በር ተገንጥሎ፣ በዝናብና በጭጋግ ተጉዞ ከመሸ በኋላ ይገባል። በማግሥቱ ማለዳ ርእሳነ መምህራን በር ላይ ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ለአንድ ቀን ብቻ የተከራየው አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል፣ አንዳንዱም አህያ አስከትሎ መጥቷል። ደንቡ እንደሚለው ዕቃው በኮሚቴ ተቆጥሮ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከተቆረጠለት በኋላ ነው በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ የሚሆነው። ሆኖም ቆጠራው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ የኮሚቴው አንድ አባልም መስክ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ርእሰ መምህሩን ባዶ እጁን መመለስ ደግሞ የአንድ ቀበሌ ልጆችን ያለ መጽሐፍ ማስጀመር ነው። ስለዚህ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጥቅሎቹን በተረካቢው ፊት ቆጥሮ፣ በደብተሩ አስፈርሞ፣ በአደራ ይሰጥና ኮሚቴው ቆጠራውን ሲጨርስ ወረቀቱን ያስተካክላል። አሠራሩ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ቢሆንም መጽሐፉን ከልጆቹ እጅ የሚያደርሰው ይኸው ያልተጻፈው አሠራር ነው።

ሲስተሙ ይህን አያውቅም። ሞዴል 19 ያልተመዘገበለትን ዕቃ ለማውጣት ሲሞከር «በቂ ቀሪ የለም» ብሎ ይመልሳል። ግምጃ ቤት ኃላፊው ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ውጭ የቆሙትን ሰዎች ተመለከተ፤ ኮምፒውተሩን ትቶ ደብተሩን አነሣ። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። አንድ የሲስተም ተንታኝ ግን እዚያ ጠዋት አጠገቡ ቢቀመጥ ኖሮ መፍትሔው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ «በቆጠራ ላይ» የሚባል ጊዜያዊ የዕቃ ሁኔታ መፍጠርና የአደራ ወጪን ከዚያ ላይ መፍቀድ፣ ቆጠራው ሲያበቃ ሁለቱን ማመሳከር፣ ያልተመሳከረውን በቀይ ማሳየት። ልጆቹ ይህን መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ከሞዴል 19 በፊት ምን እንደሚሠራ ማንንም ስላልጠየቁ፣ ጠይቁ ብሎ ያዘዛቸውም ስላልነበረ ነው። ሥራው ሲሠራ ሳያዩ ሲስተሙን መንደፍ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህኛው ከበድ ይላል። በመንግሥት ንብረት አያያዝ የአንድ ዕቃ ቀሪ በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ቢን ካርዱ ከዕቃው ጋር ተንጠልጥሎ በግምጃ ቤት ኃላፊው ይሞላል፣ ስቶክ ካርዱ ደግሞ በንብረት ሂሳብ ሠራተኛው ዘንድ ይቀመጣል። ተማሪዎቹ በዳታቤዝ ትምህርታቸው አንድ መረጃ በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ የሚለውን መርህ ተምረዋልና ሁለቱን አዋሕደው አንድ አደረጓቸው። መርሁ ትክክል ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ መረጃን በተያያዙ ሠንጠረዦች የሚያደራጀውን የሪሌሽናል ሞዴል በ1970 እ.ኤ.አ. ካቀረበ ወዲህ የዳታቤዝ ዲዛይን የቆመው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ላይ ነው። ሁለቱ ካርዶች ግን ድግግሞሽ አይደሉም። በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ፣ ለየብቻ የሚመዘገቡ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ በቆጠራ ጊዜ ሲመሳከሩ ጉድለት የሚታየው በልዩነታቸው ነው። ምስክሮቹን አንድ ማድረግ የቁጥጥሩን ዐይን ማጥፋት ነው። ይህን የሚያውቀው አካውንቲንግን ከልቡ የተማረ ሰው ነው፤ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አካውንቲንግ የገባውም ለዚህ ነበር፤ ተማሪዎቻችን ግን «ከሌላ ዲፓርትመንት የመጣ ኮርስ» እያሉ ለማለፊያ ግሬድ ብቻ ያነቡታል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገርም አለ። ሲስተሙ ቀን የሚቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለ ነበር የጳጉሜን 3 ደረሰኝ ወደ ሴፕቴምበር ተቀይሮ መግባት ነበረበት። ቅየራው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች፤ በዚያ ማግሥት መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሻገራል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የሆነውም ይህ ነው። የበጀት ዓመታችን ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን እና መስከረምን ይይዛል። ሩብ ዓመቱን ከጃንዋሪ የሚጀምር ሲስተም የሚያወጣው ሪፖርት ለእኛ ዞን ሪፖርት አይሆንም። ስሞቻችንም እንዲሁ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ ይጻፋል፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ አንዲት መምህርት በአሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም እያንዳንዱን እንደ ሌላ ሰው ይቆጥራል። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አስቀምጦ ካልተሞላ አላሳልፍም የሚል ቅጽም የአባትና የአያት ስም ለሚጠራ ሕዝብ አልተሠራም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ከገባ ወዲህ መጻፉ ችግር አይደለም፤ መፈለጉ፣ ማመሳከሩና በተራ መደርደሩ ግን ዛሬም በየተማሪው ብልሃት የሚፈታ ሆኖ ቀርቷል። በዳታቤዝ ኮርስ ውስጥ ለኢትዮጵያ ስምና ለኢትዮጵያ ቀን ሁለት ሳምንት ቢመደብ ከየትኛውም የውጭ ምሳሌ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። ያ ሲስተም ባይሠራም ሊጠገን ይችል ነበር። እኔ ራሴ ስህተቶቹን በአንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ። መልሱ ልጆቹ ተመርቀው መሄዳቸው ሆነ፤ ሥራቸው ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በቀጣዩ ዓመት የመጡት ተማሪዎች ደግሞ ያንኑ ርእስ ከሀ ብለው ጀመሩ። ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጉድለት አይደለምና ስም መጥራት አያስፈልግም። በሌሎች ዞኖች የሚሠሩ የትምህርት ጓደኞቼ የሚነግሩኝም ተመሳሳይ ነው። የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ፣ የተማሪ ምዝገባ፣ የመጋዘን ቁጥጥር፣ የካርድ ክፍል፤ ርእሶቹ በየባቹ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ዲፌንስ ይቀርባል፣ ያበቃል። ተማሪው ሲስተም መጀመርን አራት ዓመት ይማራል፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ሲስተም ተረክቦ ማቆየትን ግን አንድም ቀን አይማርም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚጠብቀው ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው፤ በባንክም፣ በጤና ጣቢያም፣ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤትም ቀድሞ የተተከለ ሲስተም አለና።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ዲፓርትመንት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር የሦስት ዓመት ስምምነት ይፈራረም። የመጀመሪያው ባች ምንም ኮድ አይጻፍ፤ በሥራው ቦታ ይዋል፣ የመረጃውን ፍሰት ይሳል፣ ያልተጻፈውን አሠራር ይጻፍ፣ የሳለውንም ለግምጃ ቤት ኃላፊው አሳይቶ «ትክክል ነው» ያስብል፤ ውጤቱም በዚህ ይለካ። ሁለተኛው ባች በዚያ ጥናት ላይ ሲስተሙን ይገንባ። ሦስተኛው ባች ደግሞ ይረከበው፤ ስህተቱን ያርም፣ ሠራተኛውን ያሠልጥን፣ መመሪያውን በአማርኛ ይጻፍ፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ይወስን። ይህ የመጨረሻው በእኛ አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ቆየ አንባቢ ያስታውሳል፤ ያለ ኢንተርኔት የማይንቀሳቀስ ሲስተም የነበረው መሥሪያ ቤት በዚያን ጊዜ ወደ ወረቀት ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በራሱ ኮምፒውተር ላይ እየመዘገበ መስመር ሲገኝ የሚያመሳክር ሲስተም መንደፍ የሚታወቅ ሙያ ነው፤ የሚማሩት ግን ፍላጎቱን በቦታው ሲያዩት ነው።

ስምምነቱ ሌላ ጥቅምም አለው። እነዚያ ሁለት ተማሪዎች በፍላሽ ዲስካቸው ይዘው የሄዱት የቅጾቻችንን ፎቶ ብቻ አልነበረም፤ ለሙከራ ይሆናል ተብሎ የመምህራን ስም፣ ደመወዝና ስልክ ያለበት ፋይልም ተሰጥቷቸዋል። የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለው ልማድ ሊቀጥል አይገባም። ማን ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያይ፣ ስሙ ተለውጦ ይሁን ወይስ እንዳለ፣ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግበት በስምምነቱ ቢጻፍ ተማሪው የመረጃ ደኅንነትን ከኮርሱ ስም በላይ ያውቀዋል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። መምህራን «የመመረቂያ ሥራ የተማሪው የራሱ መሆን አለበት፣ የሌላውን ቀጥሎ የሠራ በምን ይመዘናል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ኮድ አንብቦ ስህተቱን ማግኘትና ሳይሰብር ማረም ከአዲስ መጀመር የሚያንስ ችሎታ አይደለም፤ ምን እንደ ተቀየረና ለምን እንደ ተቀየረ መዝግቦ ማቅረብም ለምዘና ይመቻል። የመውጫ ፈተናውም ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ 50 ከመቶ ማምጣት ስለሚጠበቅበት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ልቡ ወደ ምርጫ ጥያቄዎች ማዘንበሉ አይገርምም። ፈተናውን አልቃወምም፤ የመስክ ጥናቱ ግን በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ፣ በክረምቱ ቢደረግ ከፈተናው ዝግጅት ጋር አይጋጭም። የመጓጓዣ ወጪውና የመንገዱ ጸጥታ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ለዚህ መልሴ ተማሪው በተመደበበት ከተማ ሳይሆን በተወለደበት ወረዳ፣ በወላጆቹ ቤት እያደረ ቢያጠና የሚል ነው። የሞረትና ጅሩ ልጅ የእነዋሪን የስንዴ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የቀወት ልጅ የሸዋ ሮቢትን የሽንኩርትና የማሾ ገበያ፣ የምንጃር ልጅ የአረርቲን የጤፍ ንግድ ከማንም የተሻለ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሚኖረውም ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉ፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲም በመካከላቸው አለ።

ከመሥሪያ ቤቶች በኩል ያለውንም ሸክም መሸሸግ አልፈልግም። እኛ ተማሪ ሲመጣ ማኅተም አድርገን የምንሸኝ፣ በዚህ ሙያ የተመረቀ ሠራተኛ ሲመደብልን ደግሞ ፕሪንተር ጠጋኝና ደብዳቤ ጸሐፊ የምናደርግ ሰዎች ነን። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት እንዲያ ነው፤ ወደ ንብረት ክፍል እንድዛወር የጠየቅሁትም የመረጃውን ምንጭ ለማየት ነበር። ተማሪው ለመጠየቅ ሲመጣ ከኃላፊው ቢሮ አልፎ ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ካርድ ክፍሉ፣ ወደ ገንዘብ ያዡ መስኮት እንዲደርስ በር መክፈት የእኛ ድርሻ ነው።

ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይህንን ነው፤ አልቅሳ የነበረ ቢሆንም ብዙ ጠየቀችኝ፤ ከሁሉ በላይ የጠየቀችኝ ስለ ሁለቱ ካርዶች ነው። ክረምቱን እናቷ ዘንድ ስለምታሳልፍ ኃላፊያችንን አስፈቅጃለሁ፤ ከነሐሴ 25 ጀምሮ መጻሕፍቱ ገብተው እስኪያልቁ ድረስ፣ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዛ፣ በግምጃ ቤት ኃላፊያችን አጠገብ ትቀመጣለች። በዞናችን የሚገኝ ማንኛውም የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ዲፓርትመንት የእሷን ማስታወሻ እንደ መጀመሪያው ባች ጥናት ለመቀበልና ስምምነቱን ለመጀመር ፈቃደኛ ከሆነ፣ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ